ጥሪው ካለቀ በኋላ

ይድረስ ለአንድ ግድግዳ እህቴ፤

እንደምን ከረምሽ? ጉልበትሽስ ተሻለው? የአዲግራት ብርድ ለጉልበት አይሆንም ብዬሽ ነበር፤ አንቺ ግን መቼ ሰምተሽኝ ታውቂያለሽ። እናትሽስ እንዴት ናቸው? ዓይናቸው አሁንም ሰው ይለያል? ጉልበታቸውን ስመሽ ሰላም በይልኝ። እኔ ደኅና ነኝ፤ ደም ግፊቴም ከእኔ ጋር ደኅና ነው። የደረሰኝ ቤት አራተኛ ፎቅ ላይ ስለሆነ ደረጃውን በወጣሁ ቁጥር ኃጢአቴን ሁሉ አስታውሳለሁ። ግድግዳው ወፍራም ነው፤ ማዶ ያለው ሰው ይኑር ይሙት አይሰማም። አንቺና እኔ እኮ በአንዲት የጭቃ ግድግዳ ስንለያይ አንቺ ሽንኩርት ስትከትፊ እኔ ነበርኩ የማለቅሰው።

ይህን ሁሉ በስልክ ልነግርሽ ሞክሬ ነበር። ወሬው ወደ ካላዩ ሲጠጋ «ተይው አሁን» ትይና የዝናቡን ነገር ታነሽብኛለሽ። ደብዳቤ ግን አይቋረጥም፤ ቢበዛ ታጥፎ ትራስ ሥር ይቀመጣል። የእህትሽ ልጅ ፍዮሪ ወደ እናንተ ስለምትመጣ ይህን ጽፌ፣ አንዲት ትንሽ ነገር ጨምሬ በእጇ ልኬልሻለሁ። ትንሿን ነገር ደብዳቤውን ሳትጨርሺ አትንኪያት።

ካላዩን በወጉ ቀብረነዋል። ለምን አልመጣሽም ብዬ ልወቅስሽ አይደለም የተነሳሁት። «ከተለያየን ስንት ዘመናችን፣ የምኑ ነኝ ብዬ እቆማለሁ» አልሽኝ። እውነቱን ለመናገር ተናድጄብሽ ነበር። አሁን የምጽፍልሽ ግን ስለ ልጅሽ ነው። ሉዋም በዚያን ቀን ያደረገችውን ከእኔ በቀር ሙሉውን የሚያውቅ የለም፤ እናቷ ሳትሰማው ብትቀር ነውር ነው።

ሰፈራችን ከፈረሰ በኋላ የእድሩ ሰው ገላን፣ አራብሳ፣ ኮዬ ፈጬ ተበታትኖ መቅረቱን ታውቂያለሽ። ያን ጊዜ ባልሽ፣ ይቅርታ፣ የቀድሞው ባልሽ ጥሩምባውን ይዞ አምስት ኪሎ ከሉዋም ጋር ቤት ተከራይቶ ተቀመጠ። ዕድሜውን ሙሉ ጎህ ሲቀድ ጥሩምባ ነፍቶ «የሰማህ ላልሰማህ አሰማ» እያለ የሞተውን ሲናገር የኖረ ሰው፣ ለማን ይንፋ? ከአራዳ የተነፋ ጥሩምባ ገላን አይደርስ። አንድ ጊዜ ኮዬ ፈጬ ሰው ሞቶብን እኛ ከሦስት ቀን በኋላ ሰማን። ካላዩ ይህን ሲሰማ በልቶም አላደረ።

ሉዋም ናት መላ የፈጠረችለት። አንድ አሮጌ ኮምፒውተር ከቢሮዋ ለምና አምጥታ እድሩ ዕቃ ቤት አስቀመጠችው፤ ጊዮርጊስ ጀርባ ያለው፣ ድንኳኑና አግዳሚው የሚቀመጥበት ቤት፣ ታስታውሺዋለሽ። ከትልቁ የወጥ ድስት አጠገብ መደርደሪያ ላይ ተቀምጦ ብታይው ሳቅሽ ይመጣል። ሰርቨር ነው የምትለው። ካላዩ ጥሪውን ቤቱ ቁጭ ብሎ በስልኩ ይቀዳል፤ ድምፁ ወደ ማሽኑ ይሄዳል፤ አባላቱ ሁሉ ስልካቸው ላይ መልእክት ይደርሳቸዋል፤ መልእክቱን ሲነኩት ያው የካላዩ ድምፅ «የሰማህ ላልሰማህ አሰማ» ይላል። መጀመሪያ ይህ የሴጣን ሥራ ነው ብሎ አኩርፎ ነበር። አራብሳ ያሉት ሰዎች ድምፁን ሰምተው በሁለት አውቶቡስ ለቅሶ ሲመጡ ካየ በኋላ ግን ጥሩምባውን ሚስማር ላይ ሰቀለው፤ ስልኩንም ከኪሱ ባወጣው ቁጥር እንደ ጥሩምባው በነጠላው ጫፍ ይወለውለው ጀመር።

እንግዲህ ወደ ቀኑ ልምጣ። ካላዩ ሳሉ ጠንቶበት እንጦጦ ጠበል ገብቶ ነበር። አንድ ማለዳ እዚያው አረፈ። ያስታመመው ሰው የደወለው ለሉዋም አይደለም፤ ወጉን የሚያውቅ ሰው ነውና ለእድሩ ሊቀመንበር ለአቶ መሓሪ ደወለ። አቶ መሓሪ እኔን ጠሩ፣ እኔ ገንዘብ ያዡን ሰላሀዲንን ጠራሁ፤ መጋረጃ ሻጩን። ሦስታችን ዕቃ ቤቱ ውስጥ ድስቶቹ መካከል ቆመን ተመካከርን። ቀብሩ በማግስቱ በዘጠኝ ሰዓት ይሁን፤ ልጅቱ ግን ዛሬ በልታ፣ ተኝታ ትደር፤ ነገ ጎህ ሲቀድ ሽማግሌ ሆነን ሄደን እናርዳት አልን። መርዶ እንዴት እንደሚነገር አንቺ ታውቂያለሽ። ሰው ሥራ ላይ እያለ፣ ሆዱ ባዶ ሆኖ፣ ብቻውን ቆሞ አይነገረውም።

ለአባላቱ ግን ጥሪው ያኔውኑ መሄድ ነበረበት፤ ሩቅ ነው ያሉት። መልእክቱን እኔ ጻፍኩ፤ የእድሩ ጸሐፊ ነኝና። ድምፁን አቶ መሓሪ ቀዱ። እሳቸው ደግሞ ጂኦግራፊ ሲያስተምሩ የኖሩ ሰው ስለሆኑ ከሟቹ የትውልድ ወረዳ ጀመሩ። ገና ወደ አራዳ ሳያደርሱት ማሽኑ ቀጥ አለ። ጠበቅን፤ የለም። እኔም ብልህ ነኝ ብዬ ገመዱን ነቅዬ መልሼ ሰካሁት። ከዚያ ወዲህ ገጹ ጭራሽ አልከፍት አለ። ሰላሀዲን አቧራ ይሆናል ብሎ በመጋረጃ ቁራጭ ወለወለው። አቶ መሓሪ ጎኑን መታ መታ አደረጉት፤ ሬዲዮ መሰላቸው። በስልክ እየደወልን እንዳንጠራ የአባላቱ ቁጥር ያለው እዚያው ሆዱ ውስጥ ነው።

ሰላሀዲን ድስት ላይ ተቀምጦ፣ ይኸውና ሰውን ሁሉ ሲጠራ የኖረ ሰው የሚጠራለት አጥቶ ሊቀበር ነው አለ። ይህ ቃል አንጀቴን በላው። ማሽኑን የሚያውቀው አንድ ሰው ብቻ ነው፤ ሦስታችንም ማን እንደሆነች እናውቃለን፤ ማናችንም ስሟን መጥራት አልፈለግንም። በመጨረሻ እኔ ደወልኩላት። ጠቅላላ ጉባኤ ልንጠራ ነውና ማሽኑ እምቢ አለን አልኳት። ድምፄ እንዳይንቀጠቀጥ አፌን በነጠላ ይዤ ነው ያወራሁት።

ስድስት ኪሎ ካለው ቢሮዋ ለምሳ ስትወጣ መጣች። ያቺው ሉዋም ናት፤ ቦርሳዋ ከእሷ ይበልጣል፤ ቁልፎቿን ጣቷ ላይ እያዞረች ገባች። ሁልጊዜ ሰላሀዲን ሲያያት «ሚስ ሊኑክስ፣ ይህን ማሽን ሽጠን መጋረጃ እንግዛበት» ሳይላት አያልፍም፤ በዚያን ቀን ብድግ ብሎ ወንበር አቀረበላት። አቶ መሓሪም ምሳ በልተሻል ወይ ብለው ጠየቁ፣ መልሰው ጠየቁ። ሦስት ሽማግሌ ሆነን አንዲት ልጅ መዋሸት አልቻልንም።

አሁን እንዴት እንደምትሠራ ልንገርሽ፤ ልብሽ ይኩራ። እኛ ማሽኑን እንደ እምቢተኛ አህያ ነበር የያዝነው። እሷ ቁጭ አለችና መጀመሪያ ጠየቀችው። ሊኑክስ የሚሉት ጥቁር መስኮት ነው፤ ሥዕል የለውም፤ ትጽፊለታለሽ፣ ይመልስልሻል። ለምን አልተነሳህም አለችው። መነሳት አቅቶኛል ብሎ በቀይ መለሰ። አልተናደደችም። የተጻፈለት ትእዛዝ ውስጥ ስህተት እንዳለ አየች፤ የለም። ሌላ ፕሮግራም በሩ ላይ ቀድሞት ቆሞ እንደሆነ አየች፤ በሩ ባዶ ነው። አንዱን ሳታጣራ ወደ ሌላው አትሄድም። እኔ ከኋላዋ ቆሜ ዝም ብዬ ገመዱን ብንነቅለውስ አልኳት። ሳቀችና፣ እትዬ ዓለም፣ ማሽን ሰው አይደለም፤ ሲያመው አያኮርፍም፤ የት ጋ እንዳመመው ይጽፋል፤ ማንበብ የምንሰንፈው እኛ ነን አለችኝ። አንቺንና ካላዩን አሰብኩ። አንዳችሁ እንኳ የት ጋ እንዳመማችሁ ጽፋችሁ ብታስቀምጡ ኖሮ ስል ነበር።

ማሽኑ ያመመውን የሚጽፍበትን ሎግ ይሉታል። እሱን ከፈተችና ከታች ወደ ላይ ማንበብ ጀመረች። ጉንዳን የመሰለ ፊደል ነው፤ እኔ ምንም አይታየኝም። በመሃል ጣቷ ቆመ። ውሃ ስጡኝ አለች። ሰላሀዲን ሮጦ አመጣላት። ብርጭቆውን እስከ ታች ጠጣችው። አገኘሽው ወይ አልኳት። አዎ፣ አገኘሁት አለች፤ ድምፏ ዝግ ብሎ።

ከዚያ አስረዳችን። ቤቱ ሞልቷል አለች። ሰርቨሩ ሲነሳ መጀመሪያ የሚያደርገው መነሳቱን መጻፍ ነው፤ የሚጽፍበት ቦታ ስላጣ ነው የማይነሳው። ታዲያ ምን ሞላው ብለን ጠየቅን፤ የካላዩ ድምፅ ነው አለችን። ነገሩ እንዲህ ነው። ካላዩ ጥሪውን መቅዳት እንጂ መቅጃውን ማጥፋት አልለመደም። ጥሩምባ ሲተዉት ዝም ይላል፤ ስልክም እንደዚያው መስሎታል። ጥሪው አንድ ደቂቃ ነው፤ ስልኩ ግን ጠረጴዛ ላይ እንደተቀመጠ ቤቱን ሲቀዳ ይውላል። ሉዋም ማሽኑ ለአባላቱ የመጀመሪያዋን ደቂቃ ብቻ እንዲያሰማ አድርጋ ስለሠራችው፣ ጅራቱን ማንም ሰምቶት አያውቅም፤ እሷም ጭምር። ጅራቱ ተጠራቅሞ፣ የአቶ መሓሪ ጂኦግራፊ ሲጨመርበት፣ ቤቱ ጢም አለ።

ማዳመጫዋን ጆሮዋ ላይ ሰክታ አንዱን ከፈተች። ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። እኛ ምን እንደሰማች አናውቅም። አቶ መሓሪ ሰዓታቸውን አይተው፣ አሮጌ ከሆነ ምን ያደርጋል፣ አጥፊውና ቦታ ይልቀቅ አሉ። እህቴ፣ ያን ጊዜ ልጮህ ነበር። ሰውየው ዛሬ ማለዳ ሞቶ፣ ድምፁን በገዛ ልጁ እጅ ልናስጠፋ ነው። አፌን ስከፍት ሰላሀዲን እግሬን ረገጠኝ። ምን ብዬ ልከልክል? ለምን ብትለኝስ? እሷ ግን ወደ አቶ መሓሪ ዞራ በትሕትና፣ ጋሼ፣ ማጥፋት ቀላል ነው፣ የጠፋውን መመለስ ነው የማይቻለው አለቻቸው። ከቁልፏ ጋር የምትይዛትን ፍላሽ አወጣችና ድምፁን ሁሉ ወደ እሷ ገለበጠች። ማሽኑ ላይ አንዲት ነገር ብቻ አስቀረች፤ «የሰማህ ላልሰማህ አሰማ» የምትለዋን መክፈቻ። ጥሪ ሁሉ በእሷ ነው የሚጀምረው አለች። ፍላሿን መልሳ ቁልፏ ላይ አላደረገችም፤ ደረቷ ውስጥ ከማተቧ ጋር አስገባቻት።

ቦታ ከተለቀቀ በኋላ አንድ መስመር ጻፈችለት፤ ማሽኑ በአረንጓዴ ተነሳሁ አለ። ሰላሀዲን አልሐምዱሊላህ ብሎ አጨበጨበ። እሷ አልፈነደቀችም። የታመመ ልጅ ትኩሳት እንደሚለካ ሰው የማሽኑን ጎን በመዳፏ ዳሰሰችው። ቦርሳዋን ስታነሳ እኔ ሌላ ጭንቅ ያዘኝ፤ እሷም አባል ናት፤ መልእክቱን ስንልክ ስልኳ ላይ ይደርሳታል። እንዴት አድርገን ስልኳን እንውሰድባት? እንዲህ ሳስብ ራሷ ስልኳን አውጥታ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችና፣ ባትሪዬ አልቋል፣ እዚሁ ቻርጅ ላይ ይደር፣ ነገ እወስደዋለሁ አለች። ሰላሀዲንና እኔ ተያየን። ፈጣሪ ራሱ ረዳን አልን። እሷ ጊዮርጊስን ልሳለም ብላ ወጣች። ሥራሽስ ብላት ዛሬ አልመለስም አለችኝ።

እንደወጣች ላክነው። ጥሪው መክፈቻው ላይ በካላዩ ድምፅ ተጀመረ፤ ያ አራዳን ሲቀሰቅስ የኖረ ድምፅ። ቀጥሎ አቶ መሓሪ፣ በዚህኛው አሳጥረው፣ የሟቹን ስም ተናገሩ። ሰላሀዲን ስልኩን ይዞ ድስቱ ላይ ተቀመጠና እንደ ልጅ አለቀሰ። አባላቱም በኋላ ነገሩኝ፤ ድምፁን ሲሰሙ ዛሬ ደግሞ ማንን ሊነግረን ነው ብለው ሥራቸውን ትተው ቆሙ፤ የሰሙት የራሱን ስም ነበር። በገዛ ድምፁ ተጠርቶ ያልመጣ ሰው የለም። እንደዚያ ያለ ቀብር አራዳ ድሮም አላየችም።

መርዶውን ጎህ ሲቀድ ሄደን ነገርናት። በሩን አንኳኳን፤ ለብሳ ከፈተችልን። ቤቱ ተጠርጓል፤ ለሁላችን የሚበቃ ወንበር ተደርድሯል። የቤቷን ንጽሕና አደነቅሁ እንጂ ሌላ ነገር አላሰብኩም። አቶ መሓሪ እንደ ወጉ ከሩቅ ጀምረው፣ ሰው ሁሉ እንግዳ ነው፣ አባትሽም ደክሞ ነበር፣ እያሉ ቀስ ብለው ነገሯት። እስከ መጨረሻው አዳመጠቻቸው። ከዚያ አለቀሰች፤ እኔ ላይ ወድቃ፣ አባቷን በስሙ እየጠራች አለቀሰች። አቶ መሓሪ ሲወጡ በደንብ ነገርናት፣ አልደነገጠችም፣ ጥሩ አደረግን አሉኝ። እስከ ዛሬም ይህንኑ ለሰው ይናገራሉ፤ ይናገሩ።

ለቅሶው ካለፈ በኋላ ሉዋም ዕቃ ቤቱ ድረስ ጠራችኝና፣ እትዬ ዓለም፣ እኔ ሩቅ ብሆን ደግሞ እርስዎ ማንበብ ይልመዱ ብላ ሎጉን እንዴት እንደሚከፍቱት አስተማረችኝ። በዚህ ዕድሜዬ ሊኑክስ ተማርኩልሽ፤ ሳቂ። እሷ ከሄደች በኋላ ብቻዬን ተቀምጬ ልለማመድ ብዬ ማሽኑ ያን ቀን የጻፈውን ከታች ወደ ላይ ማንበብ ያዝኩ። እንግሊዝኛው አልፎ አልፎ ነው የሚገባኝ። በመካከል ግን አማርኛ አየሁ። እኔ ራሴ የጻፍኩት ነው። ማሽኑ ሳይልከው የቀረው መልእክት፣ «አባላችን አቶ ካላዩ ዛሬ ማለዳ ስላረፉ» የሚለው፣ ከነሙሉ ቃሉ እዚያ ተቀምጧል። ጣቷ የቆመበት ቦታ ነው። ውሃ የጠየቀችበት።

ለቀባሪው አረዱት ማለት ይህ ነው። እኛ ስናታልላት የዋልን መስሎን፣ እሷ ናት ሦስት ሽማግሌ ይዛ ያሻገረችን። አባቷ መሞቱን እያወቀች እጇ ሳይስት ማሽኑን አስነሳችው፤ እኛ እንዳናፍር ስልኳን ትታልን ሄደች፤ ወጋችን እንዳይበላሽ ወንበር ደርድራ ጠበቀችን። ይህን ለአቶ መሓሪ አልነገርኩም፣ ለሰላሀዲንም አልነገርኩም። ለእሷም ማወቄን አልነገርኳት። አንቺ ብቻ እወቂው። ስንት ምሁር፣ ስንት ባለሥልጣን አይቻለሁ፤ እንደ ልጅሽ ያለ ሰው ግን አላየሁም። ከማን ወረሰችው ብዬ አስባለሁ። ዝምታውን ከሁለታችሁም ነው፤ ቸርነቱን ግን ራሷ ጨመረችበት።

አሁን ትንሿን ነገር አውጪያት። ፍላሿ ናት። ሉዋም ናት የሰጠችኝ፤ እኔ ብልክላት የምወቅሳት ይመስላታል፣ እርስዎ ይላኩላት ብላ። ለራሷ ሌላ ግልባጭ አላት። ፍዮሪ አከፋፈቱን ታሳይሻለች፤ ከዚያ ብቻሽን ስሚው። እኔ አንዱን ብቻ ጥቂት ሰማሁና ዘጋሁት፤ ለእኔ ጆሮ የሚሆን ነገር አልነበረም። ደግሞ ካላዩ ብቻውን ሆኖ የሚያወራው በትግርኛ ነው፤ ብዙው አይገባኝም። ስምሽን ግን በየትም ቋንቋ ቢጠራ አውቀዋለሁ።

ትዝ ይልሽ እንደሆነ፣ ለመጨረሻ ጊዜ ሻንጣሽን ይዘሽ ስትወጪ በሬ ላይ ቆመሽ፣ ይህ ሰው ለአገር ሁሉ ይጮኻል፣ ለእኔ ግን አንድ ቃል የለውም አልሽኝ። እኔም ግድግዳው ቀጭን ነውና እውነትሽን ነው ብዬሽ ነበር። ሁለታችንም ቶሎ ነው የፈረድነው።

አርባው ሊደርስ ነው። ሉዋም ነይ በሉልኝ ብላ አትለምንም፤ አውቃታለሁ። እኔ ግን እለምንሻለሁ። አራተኛ ፎቅ ላይ አልጋ አለሽ፤ ደረጃውን አብረን እያረፍን እንወጣለን።

የእናትሽን ምርቃት ያብዛልሽ፤ መንገድሽን ጨርቅ ያድርግልሽ፤ በልጅሽ የምትጦሪ ያድርግሽ። ፍላሿን ስትከፍቺ መጀመሪያ ያው የምታውቂውን ጥሪ ትሰሚያለሽ። ጥሪው ካለቀ በኋላ ግን ቶሎ አትዝጊው፤ ትንሽ ጠብቂ።

ሽንኩርትሽ የሚያስለቅሳት፣
የአንድ ግድግዳ እህትሽ